እናቴንና ልጆቼን ይዤ በቼሳፒክ ቤይ ዓሣ ለማጥመድ ጀልባ ልከራይ ነው፤ ካፒቴኑን ምን ብዬ ልጠይቀው?

ጣና ዳር (ጠያቂ)፦

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። የምኖረው በሜሪላንድ ሲልቨር ስፕሪንግ ሲሆን፣ እናቴ ከባሕር ዳር ልትጠይቀን መጥታ ለስድስት ወር አብራን ትቆያለች። ዕድሜዋ 68 ነው፤ ጉልበቷን ያማታል፣ ለደም ግፊትም መድኃኒት ትወስዳለች። ተወልዳ ያደገችው ጣና ዳር ስለሆነ ከዓሣ ጋር ያላት ትውውቅ ከእኛ የተለየ ነው፤ በልጅነቷ የነገደ ወይጦ ዓሣ አጥማጆች በደንገል ታንኳ ይዘውት የሚመጡትን ቆሮሶ ገና ሲንፈራገጥ ከዳር ተቀብላ ወደ ቤት ትሮጥ እንደነበር ለልጆቼ ስትነግራቸው እሰማለሁ። እዚህ ከመጣች ወዲህ ያየችው ውኃ ግን በመኪና መስኮት አሻግራ ያየችው የፖቶማክ ወንዝ ብቻ ነው፤ ይህም ሁልጊዜ ያሳዝነኛል።

ስለዚህ ልጆቹ ትምህርት ከዘጉ በኋላ፣ ካፒቴኑ ራሱ እየነዳ ዓሣው ወዳለበት የሚወስድ የኪራይ ጀልባ ይዘን ቼሳፒክ ቤይ በሚባለው የሜሪላንድ ሰላጤ ላይ አንድ ቀን ለማሳለፍ አስበናል። የምንሄደው እኔና ባለቤቴ፣ የ11 ዓመት ወንድ ልጃችን፣ የ5 ዓመት ሴት ልጃችን፣ እናቴ፣ እንዲሁም እህቴ ከስምንት ወር ሕፃኗ ጋር ነን። ቀኑን በኦገስት አጋማሽ በሚውለው ቅዳሜ ላደርገው አስቤ ነበር።

ባለፈው ሳምንት ለአንድ ካፒቴን ደወልኩ። ሰውየው በትሕትና ካነጋገረኝ በኋላ መጀመሪያ የጠየቀኝ «ምን ዓሣ መያዝ ትፈልጋላችሁ?» የሚል ነበር፤ እኔም የምመልሰው አጥቼ «ደግሜ እደውላለሁ» ብዬ ስልኩን ዘጋሁ። ከዚያ ወዲህ ድረ ገጾችን ሳገላብጥ ሰነበትኩ። አንዱ የስድስት ሰዓት ጉዞ ይላል፣ ሌላው የስምንት፤ አንዱ መንጠቆውን ከኋላ እየጎተተ ያጠምዳል፣ ሌላው ቆሞ ወደ ታች ያስጥላል፤ ፎቶዎቹ ላይ የማየው ሁሉ ትልልቅ ዓሣ ያቀፉ ጎልማሶችን ነው፣ አንዲት ባልቴትም ሆነች አንድ ሕፃን አላየሁባቸውም። ሴት ልጄ ኃይለኛ የሞተር ድምፅ ትፈራለች። እናቴም «እኔ ምን አቅም አለኝ፣ እናንተ ሂዱ» እያለች ነው፤ እሷ ካልሄደች ግን ጉዞው ለእኔ ትርጉም የለውም። ከዚህ በፊት የሄደ ሰው ካለ፣ ለእንዲህ ያለ ቤተሰብ የትኛው ጀልባና ስንት ሰዓት እንደሚሻል፣ ቀብድ ከመክፈሌ በፊት ምን መጠየቅ እንዳለብኝ፣ እናቴን መውሰዱም ተገቢ መሆን አለመሆኑን እንድትነግሩኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ።


ዘንግና መንጠቆ፦

ወንድሜ፣ እናትዎን እንኳን በደኅና መጡ ይበሉልኝ። ላለፉት ዘጠኝ ዓመታት ከቼሳፒክ ቢችና ከዲል ወደቦች በሚነሡ ጀልባዎች በየዓመቱ ሁለት ሦስት ጊዜ እወጣለሁ፤ ልጆቼንም አማቴንም ይዤ ሄጃለሁ፣ ስለዚህ የማውቀውን ሳልቆጥብ ልጻፍልዎ።

ለካፒቴኑ ደግመው ሲደውሉ የዓሣ ስም አይፈልጉ። ስለሚሳፈሩት ሰዎች ይንገሩት፦ ጉልበታቸውን የሚያማቸው የ68 ዓመት እናት አሉ፣ የሞተር ድምፅ የምትፈራ የ5 ዓመት ልጅ አለች፣ ከመካከላችን ዘንግ በወጉ ይዞ የሚያውቅ የለም ይበሉት። ጥሩ ካፒቴን ይህን ሲሰማ የት እንደሚወስዳችሁ፣ ስንት ሰዓት ውኃ ላይ እንደምትቆዩና ምን እንደምታጠምዱ ራሱ ያሰላልዎታል። ይህን ሁሉ ሰምቶ ስለ ትልቁ ዓሣ ብቻ የሚያወራ ከሆነ ሌላ ዘንድ ይደውሉ።

እኔ ይህን የተማርኩት በልጄ ሥቃይ ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ የስድስት ዓመት ልጄን ይዤ የወጣሁት በኖቬምበር ወር፣ ለስምንት ሰዓት፣ ሮክፊሽ የሚባለውን ትልቅ ዓሣ ብቻ ፍለጋ ነበር። ያ አጠማመድ ትሮሊንግ ይባላል፤ ጀልባዋ ቀስ ብላ ስትሄድ አሥርና ከዚያ በላይ ዘንጎች በየማቆሚያቸው ተሰክተው ክራቸው ከኋላ ይጎተታል፣ ተሳፋሪው ዓሣ እስኪነክስ ድረስ እጁን አጣጥፎ ይቀመጣል። ሁለት ሰዓት ተኩል ምንም አልነከሰም። ነፋሱ ሲበረታ ልጄ ማስመለስ ጀመረ፤ እንመለስ ብዬ ብለምነውም ካፒቴኑ «ዓሣው የሚመጣው ገና አሁን ነው» እያለ ሌላ አንድ ሰዓት ቆየ። በመጨረሻ አንደኛው ዘንግ ሲጎብጥ ረዳቱ ፈጥኖ መዝዞ ለልጄ ሊያቀብለው ቢል፣ ልጄ ሁለት እጆቹን ወደ ጀርባው ሸሸገ። ከዚያ በኋላ ጀልባ ላይ ዳግመኛ ለመውጣት ሁለት ዓመት ፈጅቶበታል።

ለእናንተ የሚስማማው ጀልባዋን አቁሞ ወደ ታች ማስጠል ነው። የቤዩ አማካይ ጥልቀት 6.4 ሜትር ያህል ብቻ ስለሆነ፣ ሁለት ትናንሽ መንጠቆና ወደ ታች የሚስበው አንድ የእርሳስ ብረት ያለበት ክር ሲለቀቅ ወዲያው ወለሉን ይነካል። መንጠቆው ላይ የሚሰካው ቁራጭ ትል ነው፤ የሚመጡት ዓሦችም ኋይት ፐርች፣ ከጉንጩ ኋላ ጥቁር ነጥብ ያለበት ስፖትና ክሮከር ናቸው። መዳፍ የሚያህሉ ወይም ትንሽ የሚበልጡ ስለሆኑ የአምስት ዓመት ልጅ ራሷ ጠቅልላ ታወጣቸዋለች፤ ቦታው ከተገኘ ደግሞ በየጥቂት ደቂቃው ስለሚነክሱ ልጅ አይሰለችም። ክሮከሩ ከውኃ ሲወጣ እንደ እንቁራሪት ስለሚጮኽ ልጅዎ እንዳትደነግጥ አስቀድመው ይንገሯት። ፐርቹ ጀርባው ላይ እሾህ አለው፤ ከራሱ ጀምሮ ወደ ጅራቱ ክንፉን ዳበስ አድርጎ አስተኝቶ መያዝ እንጂ ከኋላ መጨበጥ ጣት ያደማል።

ሮክፊሽን በሚመለከት ሕጉን ማወቅ አለብዎ። በሌላው የአሜሪካ ክፍል ስትራይፕድ ባስ የሚሉት ይህ ዓሣ የሜሪላንድ ግዛት መለያ ዓሣ ነው፤ ቁጥሩ እጅግ በመመናመኑ እ.ኤ.አ. ከ1985 እስከ 1990 ድረስ በግዛቱ ጨርሶ እንዳይያዝ ታግዶ ነበር። ከ2019 ወዲህም በየዓመቱ የሚቆጠሩት ጫጩቶች ከረጅም ዘመኑ አማካይ በታች ሆነዋል። በዚህ ምክንያት ከ2024 ጀምሮ በቤዩ ውስጥ አንድ ሰው በቀን ይዞ መሄድ የሚችለው ርዝመቱ ከ19 እስከ 24 ኢንች የሆነ አንድ ዓሣ ብቻ ነው፤ በኪራይ ጀልባ ለሚሄዱ ቀድሞ ይፈቀድ የነበረው ሁለተኛው ዓሣም ቀርቷል። ባለፉት ጥቂት ዓመታት ደግሞ ከጁላይ 16 እስከ 31 ሮክፊሽ ማጥመድ ዝግ ነበር። የሚዘጋበት ጊዜ ስለሚቀያየር የዘንድሮውን ከግዛቱ የተፈጥሮ ሀብት መምሪያ ድረ ገጽ ይመልከቱ። ትልቅ ዓሣ የሚያሳዩት ፎቶዎች አብዛኞቹ የቆዩ ናቸው፣ ወይም ዓሣው ከፎቶው በኋላ ወደ ውኃ የተመለሰ ነው፤ ስለዚህ ሮክፊሽ ከመጣ ደስ ይበላችሁ፣ ቀኑን ግን በእሱ ላይ አትመሥርቱት።

አሁን ወደ ጀልባዋ ልምጣ። አብዛኞቹ ትናንሽ የኪራይ ጀልባዎች በፌዴራል ሕግ ከስድስት ተሳፋሪ በላይ መጫን አይፈቀድላቸውም፤ ሕፃንም እንደ አንድ ሰው ይቆጠራል። እናንተ ሰባት ናችሁ። ይህን ሳይናገሩ ቢሄዱ ማለዳ ወደቡ ላይ ከመካከላችሁ አንዱ ይቀራል፤ «ችግር የለም፣ እናስገባታለን» የሚል ካፒቴን ካጋጠመዎት ደግሞ ከእሱ ጋር መሄድ የለባችሁም። ከስድስት በላይ የሚጭኑት በኮስት ጋርድ (በአሜሪካ የባሕር ጠረፍ ጥበቃ) ተመርምረው የምስክር ወረቀት የተሰጣቸው ናቸው፤ ዋጋቸው ከፍ ይላል። በነፍስ ወከፍ ከፍለው ከማያውቁት ሕዝብ ጋር የሚሳፈሩባቸው ትልልቅ ጀልባዎችም አሉ፤ ርካሽ ናቸው፣ ነገር ግን እናትዎ ቢደክማቸው ጀልባዋ ለእርስዎ ብላ ስለማትመለስ ለዚህ ጉዞ አልመርጣቸውም። ካፒቴኑ የኮስት ጋርድ ፈቃድ ሊኖረው ይገባል፤ አሳየኝ ቢሉት ነውር አይደለም። የማጥመድ ፈቃድን በተመለከተ ግን አይጨነቁ፤ በሜሪላንድ የጀልባዋ ፈቃድ ተሳፋሪዎቹን ይሸፍናል።

ከሁሉ በፊት ስለ መጸዳጃ ቤት ይጠይቁ። እናቶቻችን ይህን አፍ አውጥተው አይጠይቁም፤ ውኃ ባለመጠጣት ነው የሚያልፉት፣ በኦገስት ፀሐይ ደግሞ ይህ አደገኛ ነው። በሩ የሚዘጋ መጸዳጃ ቤት ያላት፣ ጥላና ጀርባ የሚያስደግፍ መቀመጫ ያላት ጀልባ ይምረጡ። ከወደቡ ወደ ጀልባዋ የሚረገጠው እርምጃ ምን ያህል ከፍታ እንዳለው፣ መርገጫ ደረጃ እንደሚያቀርቡም ይጠይቁ፤ ጉልበት የሚፈተነው እዚያች ላይ ነው። የውኃው ከፍታ በቀን ውስጥ ወደ አንድ ጫማ ያህል ስለሚለዋወጥ መውረጃው ከመውጫው ሊከብድ ይችላል።

የጉዞው ርዝመት ከአራት እስከ ስድስት ሰዓት ይሁን፤ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል ተነሥታችሁ እስከ ቀትር ገደማ ተመለሱ። በዚያ ወራት ጠዋት ውኃው ጸጥ ይላል፣ ከሰዓት በኋላ ግን የደቡብ ነፋስ ይነሣል፣ ነጎድጓድም ብዙ ጊዜ የሚመጣው ያኔ ነው። ቤዩ ጥልቀት ስለሌለው ማዕበሉ አጭርና ተደጋጋሚ ነው፤ ከፍታው ትንሽ ሆኖ ያንገጫግጫል። የአየር ትንበያው ለትናንሽ ጀልባዎች ማስጠንቀቂያ ካወጣ ጉዞው ይቅር። ቀብድ ከመክፈልዎ በፊት «በአየሩ ምክንያት ብንተው ቀብዴን ትመልሳለህ ወይስ ሌላ ቀን ትሰጠኛለህ?» ብለው መልሱን በጽሑፍ ይቀበሉ። እኔ ባለፈው ዓመት ለስድስት ሰዓት 750 ዶላር ከፍዬ ለረዳቱ 150 ዶላር ጉርሻ ሰጥቻለሁ፤ ረዳቱ በአብዛኛው የሚተዳደረው በዚያ ጉርሻ ነው።


ፋርማሲስቷ፦

ከላይ የተጻፈው ሁሉ ትክክል ሆኖ ሳለ፣ በሙያዬ ስለ ማቅለሽለሽና ስለ እናትዎ መድኃኒት የምጨምረው አለኝ።

ሰው ጀልባ ላይ የሚታመመው ዓይኑ የሚያየውና የጆሮው ውስጠኛ ክፍል የሚሰማው እንቅስቃሴ ሳይስማሙ ሲቀሩ ነው። ስለዚህ ስልክ መመልከት፣ ካቢን ውስጥ ገብቶ መቀመጥና አጎንብሶ መንጠቆ መፍታት ያባብሰዋል፤ ከጀልባዋ መሐል ወደ ኋላ ባለው ክፍል ተቀምጦ ሩቅ ያለውን የባሕር ዳርቻ ማየት ያቃልለዋል። የሞተሩ ጭስ በማይደርስበት በኩል መቀመጥም እንዲሁ። ያለ ሐኪም ማዘዣ የሚሸጡት እንደ ድራማሚን ያሉት ክኒኖች የሚሠሩት ከመነሣት በፊት አንድ ሰዓት ያህል ቀድመው ከተወሰዱ ነው፤ ሰውየው ማስመለስ ከጀመረ በኋላ ብዙም አይረዱም። ለልጆች የሚሆነው መጠን በዕድሜ ስለሚለያይ የልጆቹን ዓይነት ገዝተው ማሸጊያው ላይ ያለውን በጥንቃቄ ያንብቡ፤ ከሁለት ዓመት በታች ላለ ሕፃን አይሰጥም። አንዳንድ ልጅ እንቅልፍ ይጥለዋል፣ አንዳንዱ ደግሞ በተቃራኒው ይቅበጠበጣል፤ ስለዚህ ከጉዞው በፊት በአንድ ዕረፍት ቀን ቤት ውስጥ ሞክረው ቢያዩት መልካም ነው።

ስለ እናትዎ ግን እባክዎን ሐኪማቸውን ወይም መድኃኒቱን የሚሰጣቸውን ፋርማሲ ሳይጠይቁ ምንም ዓይነት የማቅለሽለሽ ክኒን እንዳይሰጧቸው። እነዚህ መድኃኒቶች በዕድሜ የገፉ ሰዎችን ሊያዞሩ፣ ሊያደናግሩና ሽንት ሊከለክሉ ይችላሉ፤ በሚንቀሳቀስ ጀልባ ላይ ደግሞ ማዞር ማለት መውደቅ ነው። ከጆሮ ጀርባ የሚለጠፈው በማዘዣ የሚሰጠው መድኃኒትማ ለእሳቸው ጨርሶ አይታሰብ። የግፊት መድኃኒታቸው ሽንት የሚያበዛው ዓይነት ከሆነ «ዛሬን ልተወው» ሊሉ ይችላሉ፤ የሚወስዱበትን ሰዓት ማዛወር ይቻል እንደሆነ ሐኪሙ ይወስን እንጂ በራሳቸው አያቋርጡት። ጠዋት በርበሬና ቅቤ የበዛበት ምግብ ቀርቶ ዳቦ በዝንጅብል ሻይ ቢቀምሱ ይበቃል። ባዶ ሆድም እንደ ጥጋብ ሁሉ ያስመልሳል።

እናትዎ ይሂዱ ወይስ ይቅሩ ለሚለው ጥያቄዎ፣ ደረጃ ወጥተው የሚወርዱ ከሆነና ሐኪማቸው ካልከለከለ ይሂዱ እላለሁ። «እናንተ ሂዱ» ማለታቸውን እንደ እምቢታ አይውሰዱት። እናቴም ሁልጊዜ እንደዚያ ትላለች፤ ሸክም እንዳትሆንብን ስለምትፈራ ነው።


የሁለት ልጆች እናት፦

ስለ ሕፃኗ ብቻ ልናገር። እኔ አልወስዳትም። ለሕፃን የሚሆነው የመንሳፈፊያ ጃኬት የሚመረጠው በክብደት ነው፤ ልክ የሆነ ጃኬት ካልተገኘና አስቀድሞ ገንዳ ውስጥ ተሞክሮ ራሷን ቀና አድርጎ መያዙ ካልታየ ስም ብቻ ነው። በዚያ ላይ ፀሐዩ፣ የሞተሩ ጩኸትና ጡት የማጥባቱ ነገር አለ። እህትዎ ከሕፃኗ ጋር የባሕሩ ዳር ላይ ጠብቀው ስትመለሱ ቢቀበሏችሁ፣ እናንተም አምስት ሆናችሁ ትንሿን ጀልባ ያለ ጭንቀት መከራየት ትችላላችሁ።

ለ5 ዓመቷ ልጅዎ የራሷን ጃኬት ገዝተው ቤት ውስጥ ለብሳ ትጫወትበት፤ ጀልባው ላይ ያለው የልጅ ጃኬት ብዙ ጊዜ ይሰፋል። የድምፅ መከላከያ የጆሮ ማዳመጫም ይያዙላት። እኛ ልጃችንን ከጉዞው በፊት በነበረው እሑድ ወደቡ ድረስ ወስደን ጀልባዎቹ ሲወጡና ሲገቡ እንድታይ አደረግናት፤ ካፒቴኑም ፈቅዶ ሞተሩ ጠፍቶ ሳለ መሪውን አስያዛት። ከዚያ በኋላ «የእኔ ጀልባ» ማለት ጀመረች።


ጣና ዳር (ጠያቂ)፦

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ሕፃን እንደ ሰው እንደምትቆጠር ጨርሶ አላሰብኩም ነበር፤ እህቴም ከዳር ለመቅረት ተስማምታለች። ሁለት ነገር ቀርቶኛል። እናቴ የኦገስቱን ቀን ስነግራት «ፍልሰታ ላይ?» ብላ ዝም አለች፤ እኔም ያን ጊዜ ነው የነቃሁት። ሁለተኛ፣ ዓሣው እንዴት ተሰናድቶ ነው የሚሰጠን? እሷ ከነራሱ ካልሆነ ዓሣ አትለውም።


የቆሮሶ ወዳጅ፦

በጾም ዓሣ የሚበላም የማይበላም ቤተሰብ አለ፤ የእናትዎ ዝምታ ግን መልሱን ሰጥቶዎታል። የሐዋርያት ጾም የሚፈታው ሐምሌ 5 ማለትም ጁላይ 12 ቀን ነው፤ ፍልሰታ የሚገባው ነሐሴ 1 ማለትም ኦገስት 7 ነው። በሁለቱ መካከል ከሦስት ሳምንት በላይ አለዎት። ረቡዕንና ዓርብን ትተው ማክሰኞ ወይም ሐሙስ ቢወጡ ጀልባ እንደ ቅዳሜ አይጠፋም፣ ውኃውም ላይ ግርግር የለም። እነዚያ ሳምንታት ሮክፊሽ ሊዘጋ የሚችልባቸው መሆናቸው አያሳስብዎ። ሙቀቱ ሲበረታ ሮክፊሽ ተይዞ ቢለቀቅ እንኳ የመሞቱ ዕድል ይጨምራል፤ ፐርችና ስፖት በሚገባ የሚነክሱት ግን ያኔ ነው።

የዓሣውን ዓይነት በተመለከተ ለካፒቴኑ አንድ ነገር በግልጽ ይንገሩት። ዛሬ በቤዩና በሚገቡበት ወንዞች ብሉ ካትፊሽ ሞልቷል፤ ከ1970ዎቹ ጀምሮ ወደ ቨርጂኒያ ወንዞች የተጨመረ የውጭ ዓሣ ሲሆን ሌላውን ዓሣ ስለሚበላ ግዛቱ ሰው በብዛት እንዲያወጣው ይፈልጋል። ብዙ ካፒቴኖች ቤተሰብ ሲመጣ ወደ እሱ የሚወስዱት ትልቅና በቀላሉ የሚያዝ ስለሆነ ነው። ነገር ግን የአምባዛ ዘመድ ነው፣ ቅርፊት የለውም፤ በኦሪቱ ቃል መሠረት ክንፍና ቅርፊት የሌለውን የማይበሉ እናቶች አሉ። እናትዎ አምባዛ የማይበሉ ከሆነ ካፒቴኑ ማወቅ አለበት፤ አለበለዚያ ኩለር (የበረዶ ሣጥን) ሙሉ ዓሣ ይዘው ገብተው እሳቸው የማይቀምሱት ይሆናል። ፐርች፣ ስፖት፣ ክሮከርና ሮክፊሽ ሁሉም ባለ ቅርፊት ናቸው።

አሰነዳዱን ካላሳሰቡ፣ ወደቡ ላይ ረዳቱ በስለታም ቢላዋ ግራና ቀኙን ሥጋ ብቻ ገፎ ራሱንና አጥንቱን ባልዲ ውስጥ ይወረውራል፤ እኛ ለሾርባ የምንፈልገው ሁሉ በአንድ ደቂቃ ይጠፋል። ስለዚህ ገና ሲደውሉ «ቅርፊቱን ፍቀህ፣ ሆዱን አጽድተህ፣ ራሱን ተወው» ይበሉ። ኋይት ፐርችን እንደ ባሕር ዳሩ ጥብስ ግራና ቀኝ በቢላዋ ተልትለው፣ ጨውና ሎሚ ነክተው በፈላ ዘይት ቢጠብሱትና በዳጣ ቢያቀርቡት እናትዎ ቆሮሶ አስታወሰኝ ይላሉ። የሜሪላንድ የአካባቢ ጥበቃ መምሪያ በየውኃውና በየዓሣው በወር ስንት ጊዜ ቢበላ እንደሚሻል የሚያሳይ ሰንጠረዥ ያወጣል፤ እህትዎ ስለሚያጠቡ፣ ልጆቹም ትንንሾች ስለሆኑ ሰንጠረዡን ሳያዩ ለሳምንታት የሚበላ ዓሣ አያከማቹ።


ጣና ዳር (ጠያቂ)፦

ባለፈው ሐሙስ ሄደን በሰላም ተመልሰናል። ለሁለተኛ ካፒቴን ስደውል ስለ ዓሣ አንድ ቃል ሳልተነፍስ ስለ ቤተሰቡ ነገርኩት፤ እሱም «እናትህ የሚቀመጡበት ባለ መደገፊያ ወንበር ከቤቴ አመጣለሁ» አለኝ። ያን ጊዜ ነው ቀብዱን የከፈልኩት።

የመጀመሪያውን አንድ ሰዓት እናቴ ነጠላዋን ተከናንባ ዝም ብላ ውኃውን ስታይ ቆየች። ረዳቱ ዘንግ ሲያቀብላት ተቀብላ ጎኗ አስደግፋ አቆመችውና ክሩን ብቻ በአውራ ጣቷና በሌባ ጣቷ መካከል ያዘች። የዘንጉ ጫፍ ገና ሳይነቃነቅ «ነካ» አለች፤ ቀጥሎም በእጇ ሳብ ስታደርገው ሁለቱም መንጠቆ ላይ ፐርች ነበር። ረዳቱ ቆሞ አያት፤ ከዚያ በኋላ ልጄን አምጥቶ አጠገቧ አስቀመጠውና እንደ እሷ ክሩን እንዲይዝ አሳየው። ሴት ልጄ የጆሮ ማዳመጫዋን አድርጋ ሦስት ዓሣ አወጣች፣ ክሮከሩ ሲጮኽ ግን ወደ እናቷ ሮጠች። ባለቤቴ ትንሽ አቅለሽልሿት ነበር፤ ዓይኗን ከስልኳ አንሥታ ዳርቻውን ስታይ ተሻላት።

ከእኛ በኋላ ለሚሄዱ የምጨምረው ስለ ማሰናዳቱ ነው። ከነራሱ ይሁን ስላልን 34 ዓሣ አንድ በአንድ መፋቅ ረዳቱን አንድ ሰዓት ገደማ ስለፈጀበት ጉርሻውን ከፍ አደረግንለት፤ ይህን አስቀድሞ መነጋገር ይሻላል። ከነራሱ ያለ ዓሣ ከሥጋው ብቻ ይልቅ ብዙ ቦታ ስለሚይዝም አንድ ኩለር አልበቃንም፤ ሁለት ይያዙ፣ በረዶውንም መኪናው ውስጥ ትታችሁ ስትመለሱ የሚጠብቃችሁ ይሁን።